ዘበኛው አጥሩን ሲገፋ

«እህል ያነቀው በውኃ ይውጣል፤ ውኃ ያነቀውስ በምን ይውጣል?» ይላል የአገራችን ሰው። አጥፊውን ተቆጣጣሪ ይመልሰዋል፤ ተቆጣጣሪውን ራሱን ግን ማን ይመልሰዋል? እንደማለት ነው። ይህን የቆየ ጥያቄ ሰሞኑን ያስነሣብኝ ከእኛ ርቆ በለንደን የሚገኝ አንድ መሥሪያ ቤት ነው። (የዓመታቱ አቆጣጠር ሁሉ የአውሮፓውያን መሆኑን አንባቢ ልብ ይበልልኝ።)

መሥሪያ ቤቱ የሰው ፅንሰትና ሥነ ሽል ባለሥልጣን ይባላል። በብሪታንያ በሰው ሽል ላይ ምርምር ለማድረግ የሚሻ ማንኛውም ሊቅ፣ ፕሮፌሰርም ይሁን የኖቤል ተሸላሚ፣ ከዚህ መሥሪያ ቤት ፈቃድ ሳያገኝ አንድ ሽል መንካት አይችልም። ሽል ስል የወንድና የሴት ዘር ከተገናኙበት ሰዓት ጀምሮ ባሉት ቀናት በቤተ ሙከራ ሳህን ላይ የሚያድገውን፣ በዐይን ለማየት እንኳ የሚያዳግተውን የሕይወት ጅምር ማለቴ ነው። ሕጉ ለዚህ ምርምር አንድ የማይታለፍ ድንበር አበጅቶለታል፤ 14 ቀን። ከ14 ቀን በላይ ሽልን በቤተ ሙከራ ያቆየ ሰው እስከ 10 ዓመት በሚደርስ እስራት ይቀጣል። ባለሥልጣኑ የተቋቋመው ይህንኑ ድንበር እንዲጠብቅ ነው። እንግዲህ ይኸው ጠባቂ ነው በኖቬምበር 2024 ድንበሩ በእጥፍ አድጎ 28 ቀን እንዲሆን ሐሳብ ያቀረበው።

አቋሜን ከወዲሁ ላስታውቅ። እኔ ይህ ምርምር ጨርሶ ይታገድ ከሚሉት ወገን አይደለሁም። ሳይንቲስቱን ልቀቁት፣ ዕውቀት ድንበር የለውም ከሚሉትም አይደለሁም። በባለሙያ የሚካሄድ ቁጥጥርና ፈቃድ የሰው ልጅ ለዚህ ከባድ ጉዳይ እስካሁን ካገኛቸው መላዎች ሁሉ የተሻለው ነው ብዬ አምናለሁ። ይሁንና መላው የሚሠራው አንድ ነገር ሲጠበቅ ብቻ ነው፤ ድንበሩን የሚያሰምረው ሕዝብ፣ የተሰመረውን የሚጠብቀው ባለሙያ ሲሆን። ሁለቱ ሥራዎች በአንድ እጅ ከገቡ ፈቃድ የሚባለው ነገር ከማኅተምነት አያልፍም።

ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ

ሐምሌ 25 ቀን 1978፣ ኦልድሃም በምትባል የእንግሊዝ ከተማ ሉዊዝ ብራውን ተወለደች። ከእናቷ ማሕፀን ውጭ የተፀነሰች የመጀመሪያዋ ሰው ናት። ሳይንቲስቱ ሮበርት ኤድዋርድስ፣ ሐኪሙ ፓትሪክ ስቴፕቶና የቤተ ሙከራ ባልደረባቸው ዣን ፐርዲ ዓመታት የደከሙበት ሥራ ፍሬ አፈራ። መካን ለተባሉ ባልና ሚስቶች ታላቅ የምሥራች ነበር። ነገር ግን ምሥራቹ ጥያቄ አስከተለ። በዚህ ሕክምና ከአንድ በላይ ሽሎች ይዘጋጃሉ፤ ሁሉም ማሕፀን አይገቡም። የተረፉት ምን ይሁኑ? ይጣሉ? ይመርመሩ? ለምርምር ብቻ ተብሎ አዲስ ሽል ቢሠራስ?

የብሪታንያ መንግሥት በ1982 ጉዳዩን የሚያጠና ኮሚቴ ሲያቋቁም፣ በሰብሳቢነት የሾመው ሐኪም ወይም የሥነ ሕይወት ሊቅ አልነበረም። ሜሪ ዋርኖክ የምትባል ፈላስፋ ነበረች። 16 ከነበሩት አባላት መካከል ሐኪሞችና ሳይንቲስቶች ነበሩ፤ የሕግ ሰዎች ነበሩ፤ የነገረ መለኮት መምህርም ነበረ። በ1984 የወጣው ሪፖርታቸው ነው የ14 ቀኑን ድንበር የወለደው። ለምን 14? በዚያ ቀን አካባቢ ሽሉ ላይ እንደ ሰንበር ያለች ቀጭን መስመር ትታያለች። ከዚያች መስመር በፊት ሽሉ ለሁለት ተከፍሎ መንታ ሊሆን ይችላል፤ እርሷ ከታየች በኋላ ግን የአንድ ሰው አካል መሠረት ተጥሏል ማለት ነው።

ዋርኖክ ግን ተፈጥሮ በ14ኛው ቀን ላይ ግንብ አልገነባችም የሚለውን አጥታው አይደለም። 13 ወይም 15 ማለት ይቻል እንደነበር ታውቃለች። የፈለገችው ማንም ሊቆጥረው የሚችል ቁጥር ነው። «ሽሉ ሕመም መሰማት እስኪጀምር» ቢባል ኖሮ መቼ እንደሚጀምር የሚነግረን ራሱ ተመራማሪው በሆነ ነበር። 14 ቀን ማለፉን ለማወቅ ግን ሊቅ መሆን አያሻም፤ መቁጠር የሚችል ፖሊስ ይበቃል። የድንበሩ ጥበብ እዚህ ላይ ነው፤ ባለሙያውን ባለሙያ ያልሆነ ሰው እንዲቆጣጠረው አስቻለ። ሌላም ልብ የሚባል ነገር አለ። ከ16ቱ 3ቱ ምርምሩን ጭራሽ ተቃወሙ፤ ተቃውሟቸውም በዚያው ሪፖርት ታትሞ ወጣ። የአናሳው ድምፅ አልተዳፈነም።

ከዚያስ? ወዲያው ሕግ ሆነ? አልሆነም። በ1985 ኢኖክ ፓውል የተባለው እንደራሴ ምርምሩን የሚያግድ ረቂቅ አቅርቦ በሕዝብ እንደራሴዎች ምክር ቤት 238 ለ66 በሆነ ድምፅ ወደ ሁለተኛው ደረጃ አሳለፈው፤ ረቂቁ የወደቀው ጊዜ አልቆበት ነው። ሳይንቲስቶቹ ደነገጡ። በዚያው ዓመት የሕክምና ምርምር ምክር ቤትና የማሕፀን ሐኪሞች ኮሌጅ በበጎ ፈቃድ የሚሠራ ፈቃድ ሰጪ አካል አቋቋሙ። መልካም ሥራ ሠርቷል፤ ነገር ግን ተቆጣጣሪውም ተቆጣጣዩም አንድ ሰፈር የሚውሉ ነበሩ፤ ለእምቢተኛም ቅጣት አልነበረውም። በመጨረሻ፣ ከ6 ዓመት ክርክር በኋላ፣ በኤፕሪል 1990 እንደራሴዎቹ የፓርቲ ግዴታ ሳይኖርባቸው እያንዳንዳቸው እንደ ኅሊናቸው ድምፅ ሰጡ፤ 364 ለ193 ምርምሩ በፈቃድ እንዲቀጥል ተወሰነ። ባለሥልጣኑም በኦገስት 1991 ሥራ ጀመረ።

ሕጉ ስለ ባለሥልጣኑ ቦርድ የደነገገውን ብዙ ሰው አያውቀውም። ሰብሳቢውም ምክትሉም ሐኪም ወይም የሽል ተመራማሪ መሆን አይችሉም። ከቀሩት አባላት መካከልም የባለሙያዎቹ ቁጥር ከግማሽ በታች መሆን አለበት። ብሪታንያውያን ባለሙያ ንቀው አይደለም ይህን የጻፉት። ባለሙያ የሌለበት ቁጥጥር ዕውር፣ ባለሙያ ብቻ ያለበት ቁጥጥር ደግሞ አድሏዊ መሆኑን ስለተረዱ ነው።

ፈቃድ ማለት ምን ማለት ነው?

ፈቃድ ሲባል በእኛ ዘንድ ወረቀት ይታወሰናል፤ ተሰልፈው፣ ማመልከቻ አስገብተው፣ ማኅተም አስመትተው የሚወጡበት። የዚህ ፈቃድ ባሕርይ ሌላ ነው። የምርምሩ ዓላማ በሕጉ ከተዘረዘሩት ዓላማዎች አንዱ መሆን አለበት። አመልካቹ ሥራው ያለ ሰው ሽል ሊሠራ እንደማይችል ማሳየት ይጠበቅበታል፤ በአይጥ ከተቻለ በአይጥ ይሥራ ነው። ፈቃዱ ቢበዛ ለ3 ዓመት ነው። በስም የሚጠየቅ አንድ ኃላፊ አለ። ተቆጣጣሪዎች መጥተው መዝገቡን ያገላብጣሉ። ሽሉን የሰጡት ባልና ሚስት በጽሑፍ የተስማሙ መሆን አለባቸው፤ ሽሉ ለምርምሩ እስኪውል ድረስም ሐሳባቸውን መለወጥ ይችላሉ።

በፌብሩዋሪ 2016 ካቲ ኒያካን የተባለች ሳይንቲስት በለንደኑ ፍራንሲስ ክሪክ ተቋም የሰውን ሽል ጂን ለማረም ፈቃድ ያገኘችው በዚህ መንገድ ነው። ሽሎቹ ከ7 ቀን በላይ አይቆዩም፤ ማሕፀን ፈጽሞ አይገቡም። በ2017 ኦ ሲ ቲ 4 የሚባለው ጂን በሽል የመጀመሪያ ቀናት ምን እንደሚሠራ አሳየችን። ዓለም አልተናወጠም፤ ዕውቀት ግን ተገኘ።

በኖቬምበር 2018 ቻይናዊው ሂ ጂያንኩይ ብቅ አለ። ያንኑ የጂን ማረሚያ መሣሪያ ተጠቅሞ፣ የሥነ ምግባር ሰነድ አስመስሎ አዘጋጅቶ፣ ጂናቸው የተነካ መንታ ሴቶች ልጆች እንዲወለዱ ማድረጉን አስታወቀ። ፍርድ ቤት በ2019 መጨረሻ 3 ዓመት እስራት ፈረደበት። ልጆቹስ? የእነርሱ ፍርድ የዕድሜ ልክ ነው፤ ያለ ፈቃዳቸው የተጻፈባቸውን ማንም አይፍቅላቸውም። ከዚያ ቀደም ብሎ ደግሞ ደቡብ ኮሪያዊው ሁዋንግ ው ሱክ ሰውን ክሎን በማድረግ ከተሠራ ሽል ግንደ ሕዋስ አወጣሁ ብሎ በ2004 እና በ2005 ዓለምን አስደመመ። ውሸት ነበር። ውሸቱን የከፈሉት ሴቶች ነበሩ፤ ከ2,000 በላይ የሴት እንቁላሎች ወደ ቤተ ሙከራው ገብተዋል፤ ከሰጪዎቹ መካከል በእርሱ ሥር የሚሠሩ ተመራማሪ ሴቶችም ነበሩ። አለቃ ሲጠይቅ የበታች እምቢ ማለት ይችላል? ይህን ለመመለስ ኮሪያ መሄድ አያስፈልገንም።

በኒያካንና በእነዚህ ሁለት ሰዎች መካከል ያለው ልዩነት የልቦና ብቻ አይደለም። ሦስቱም የሠለጠኑ፣ ሦስቱም ብርቱ ናቸው። ልዩነቱ ከመጀመሯ በፊት «ለምን? በማን ፈቃድ? እስከ ስንት ቀን?» ብሎ የሚጠይቃትና መልሷን እስር ቤት በሚያስገባ ሕግ የሚመዝን አካል መኖሩ ነው።

የሁለት ታላላቅ አገሮች ስሕተት

«እንዲህ ከሆነ ለምን ጨርሶ አይከለከልም?» የሚል አንባቢ ይኖራል። የሞከሩትን እንይ።

አሜሪካ ከ1996 ጀምሮ በየዓመቱ የምታድሰው ድንጋጌ የፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሰው ሽል ለሚጠፋበት ምርምር እንዳይውል ይከለክላል። ገንዘብ መከልከል ግን ሥራን መከልከል አይደለም። የግል ገንዘብ ያለው ክፍለ ግዛቱ እስከፈቀደለት ድረስ ይሠራል። መንግሥት ገንዘቡን ሲያወጣ ዐይኑንም አብሮ አወጣ፤ እንደ ለንደኑ ያለ አገር አቀፍ ፈቃድ ሰጪ የለም። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይህ ነው። እጁን ንጹሕ ለማድረግ የፈለገ መንግሥት ቁጥጥሩን ከእጁ ጣለ።

ጀርመን ደግሞ ታሪኳ ያስተማራትን አትርሳ ብላ ከ1991 ጀምሮ ሽልን ለምርምር መጠቀምን በወንጀል ታስቀጣለች። ከናዚ ሐኪሞች ታሪክ የሚነሣን ጥንቃቄ ማንም ሊያቃልለው አይገባም። ነገር ግን በ2002 ያወጣችው ሌላ ሕግ፣ በውጭ አገር ከጃንዩዋሪ 1 ቀን 2002 በፊት ከሽል የወጡ ግንደ ሕዋሳት በፈቃድ ወደ አገር እንዲገቡ ፈቀደ፤ በ2008 ደግሞ ቀኑን ወደ ሜይ 1 ቀን 2007 ገፋችው። ሥጋውን አልበላም፣ መረቁ ግን ከጎረቤት ይምጣልኝ እንደሚል ጿሚ ነው። ጾሙ የሚከበረው ለስሙ ነው።

እገዳም ልቅነትም የሚያመጡት አንድ ነገር ነው፤ ሥራው ማንም በማያየው ቦታ ይሠራል። ስለዚህ ወደ ፈቃዱ እንመለሳለን። ፈቃዱን ስንመርጥ ግን ዕድፉንም አብረን መመርመር ግዴታችን ነው።

ዘበኛውና አጥሩ

ከዓመታት በፊት፣ ስሙን በማልጠቅሰው አንድ ተቋም፣ የጥናት ሥነ ምግባር ኮሚቴ አባል ነበርሁ። ስለ ሽል አልነበረም፤ ገበሬዎች ደም የሚሰጡበት ተራ የጤና ጥናት ነበር። ማመልከቻውን ያቀረበው ሁላችንም የምናከብረው ባልደረባችን ነው። ሰብሳቢው «ዶክተርን እናውቃቸዋለን» አለ፤ ሳቅን፤ ቡናው ሳይደርስ ጸደቀ። እኔም ፈረምሁ። ልንነሣ ስንል ቃለ ጉባኤ የምትይዘው ልጅ፣ ድምፅ የመስጠት መብት የሌላት፣ ፈራ ተባ እያለች ጠየቀች፤ «የስምምነቱ ወረቀት እኮ በእንግሊዝኛ ነው፤ ለገበሬዎቹ ማን ያነብላቸዋል?»

አምስት ዶክተሮች ያላየነውን አንዲት ጸሐፊ አየችው። ያላየነው ስላላወቅን አይደለም። ነገ የእኔም ማመልከቻ በዚያ ጠረጴዛ ላይ ይቀርባል፤ ዛሬ የማላስቸግረው ሰው ነገ አያስቸግረኝም። ይህ ጉቦ አይባልም፤ ሌብነትም አይደለም። የአንድ ሙያ ሰዎች እርስ በርስ የምንተያይበት መነጽር ነው። ከዚያን ቀን ጀምሮ «ባለሙያዎቹ ተመካክረው ተስማምተዋል» የሚል ዜና ስሰማ ያች ልጅ ትታወሰኛለች።

አሁን ወደ 28 ቀኑ ልምጣ። ለ30 ዓመት ያህል የ14 ቀኑ ድንበር ማንንም አላስቸገረም። ለምን? ማንም ሽልን በቤተ ሙከራ እስከዚያ ቀን ማቆየት አይችልም ነበርና። ሥጋ የሌለው ሰው ጾም አይከብደውም። በ2016 ግን በእንግሊዙ ካምብሪጅና በኒውዮርኩ ሮክፌለር ዩኒቨርሲቲ የሚሠሩ ተመራማሪዎች ሽልን እስከ 12 እና 13 ቀን አቆዩ፤ የ14 ቀኑን ሕግ አክብረውም አቆሙ። ጾሙ ለመጀመሪያ ጊዜ እውነተኛ ጾም ሆነ። ወዲያውም «ይፈታ» የሚል ድምፅ ተነሣ። በ2021 ዓለም አቀፉ የግንደ ሕዋስ ምርምር ማኅበር በመመሪያው ላይ ከ14 ቀን ማለፍን ፈጽሞ ከተከለከሉት ዝርዝር አወጣው፤ ሕዝብ ይወያይበት የሚል ምክር ማከሉ ባይካድም። በ2023 የለንደኑ ባለሥልጣን በሕክምናና በምርምር ፈጠራን ለማገዝ ሰፋ ያለ ሥልጣን እንዲሰጠው ጠየቀ። በ2024 ደግሞ 28 ቀን አለ።

ለባለሥልጣኑ ፍትሐዊ ልሁን። ሕጉን በራሱ ሊለውጥ አይችልም፤ ሥልጣኑ የፓርላማ ነው። መንግሥትን መምከርም ከሥራው አንዱ ነው። ነገር ግን ምክር ከምክር ይለያል። ዘበኛ «አጥሩ ቀዳዳ አለው፣ ይደፈን» ቢል ሥራውን ሠራ። «አጥሩ ጠቦናልና ወዲያ እንግፋው» ሲል ግን የጌታው አገልጋይ መሆኑ ቀርቶ የአጥረኛው ጎረቤት ወኪል ሆነ። አንድ አካል ፈጠራን ማገዝም፣ ፈጠራን መግታትም ሥራው ከሆነ በሁለቱ መካከል ሲጨነቅ የሚያሸንፈው የትኛው ነው? ደጁን በየቀኑ የሚያንኳኳው ማነው? ተመራማሪው ነው። ሽሉ ደጅ አይጠናም።

ሳይንቲስቶቹ የሚያቀርቡት ምክንያት ቀላል አይደለም፤ አላቃልለውም። ከ14 እስከ 28 ባሉት ቀናት ልብ መምታት ይጀምራል፤ የነርቭ ሰረሰር ቱቦው ይዘጋል። ብዙ ውርጃና ብዙ የአፈጣጠር ጉድለት መነሻው በእነዚህ ቀናት ነው፤ እኛ ግን አናያቸውም ይላሉ። ከነርቭ ሰረሰር ጉድለት ጋር የሚወለዱ ሕፃናት ቁጥር በአገራችን ከፍተኛ መሆኑን ሐኪሞቻችን ደጋግመው ነግረውናልና፣ ይህን ክርክር የኢትዮጵያ እናት በግዴለሽነት ልትሰማው አትችልም። ይሁንና ያችኑ እናት ምስክር አድርጌ ልጥራ። ከእርግዝና በፊት የሚወሰድ ፎሊክ አሲድ የዚህን ጉድለት አብዛኛውን ክፍል እንደሚከላከል በ1991 የታተመ የብሪታንያ ጥናት አረጋግጧል። ከ30 ዓመት በላይ ሆነው። ለስንቶቹ እናቶቻችን በጊዜው ደረሳቸው? ዕውቀት ሁልጊዜ ሕሙማንን ምክንያት አድርጎ ይጠይቃል፤ ሲገኝ ግን ሁልጊዜ ወደ ሕሙማን አይሮጥም።

የተስፋ ቃል ድንበር ለማፍረስ መነሻ መሆን እንደሌለበት 2008 ያስተምረናል። ያኔ የሰውን ሕዋስ አስኳል ከላም እንቁላል ጋር ያዋሐደ ሽል ለመሥራት የለንደኑ ኪንግስ ኮሌጅና ኒውካስል ፈቃድ አገኙ። ለአልዛይመርና ለፓርኪንሰን መድኃኒት መንገድ ይከፍታል ተብሎ ተሰበከ። በሜይ 2008 እንደራሴዎቹ እገዳውን 336 ለ176 ጣሉት። በጥቂት ጊዜ ውስጥ ገንዘብ ሰጪዎቹ ፊታቸውን አዞሩ፤ ጃፓናዊው ሺንያ ያማናካ ከተራ የቆዳ ሕዋስ፣ ያለ ሽል፣ ተመሳሳይ ሕዋስ የሚገኝበትን መንገድ አሳይቶ ነበርና። አለመከልከሉ ልክ ነበር እላለሁ፤ ሳይንስ የሚሳሳትበት ነጻነት ያሻዋል። ነገር ግን ያ ሁሉ «ይህ ካልሆነ ሕሙማን ይሞታሉ» የሚል ጩኸት ዛሬ የት አለ?

ቃሉን ይዞ ነገሩን ያመለጠው ሕግ

አጥሩ ቀዳዳ የለውም አላልሁም። አለው፤ ባለሥልጣኑም ይህን መናገሩ ይመሰገናል። የ1990ው ሕግ ሽልን የተረጎመው በፅንሰት፣ ማለትም በሁለቱ ዘሮች መገናኘት ነበር። በኖቬምበር 2001 አንድ ዳኛ፣ በክሎን የሚሠራ ሽል ፅንሰት ስለሌለበት ሕጉ አይመለከተውም ብሎ ፈረደ። መንግሥት ደንግጦ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ሰውን በክሎን መውለድን የሚያግድ ሕግ አወጣ፤ የሎርዶች ምክር ቤት ዳኞች በ2003 የመጨረሻውን ውሳኔ እስኪሰጡ ድረስም ጉዳዩ ተንጠልጥሎ ቆየ።

ዛሬ ያው ታሪክ ተመልሷል። በ2023 ከካምብሪጅም፣ በእስራኤል ካለው የቫይዝማን ተቋምም፣ ከግንደ ሕዋስ ብቻ የተሠሩ ሽል መሰሎች ወጡ። እንቁላል የላቸውም፤ የወንድ ዘር የላቸውም፤ የቫይዝማኑ ግን የ14 ቀን ሽልን በብዙ ነገር ይመስላል። ሽል ናቸው? ሕጉ በግልጽ አይመልስም። በ2024 ሳይንቲስቶቹ ራሳቸው የበጎ ፈቃድ የሥነ ምግባር ደንብ አዘጋጁ። ጥሩ ነው፤ የ1985ቱም ጥሩ ነበር። በጎ ፈቃድ ግን በጎ ለሆነው ሰው ነው የሚሠራው፤ ሕግ የሚያስፈልገን ለሌላው ነው።

ምን ይደረግ?

መጮህ ብቻ አይበቃምና የሚታየኝን ልናገር። አንደኛ፣ የቀኑ ቁጥር የሚለወጥ ከሆነ ከባለሥልጣኑ ውጭ በሆነ፣ ባለሙያ ባልሆነ ሰው በሚመራና ባለሙያዎች አናሳ በሆኑበት አዲስ ሸንጎ ተጠንቶ፣ የተቃዋሚዎቹ ሐሳብ አብሮ ታትሞ፣ በሙሉ አዋጅና በኅሊና ድምፅ ብቻ ይለወጥ። በመመሪያ ወይም በደንብ ማሻሻያ በጓሮ በር አይግባ። ሁለተኛ፣ ሽል መሰሎቹ በስማቸው ሳይሆን በሚሆኑት ነገር ተመዝነው በፈቃድ ሥር ይግቡ። ሦስተኛ፣ ፈቃድ የወሰደ ሁሉ ሲጨርስ ቃል የገባውንና ያገኘውን ጎን ለጎን አድርጎ፣ ስንት ሽል እንደተጠቀመ ጨምሮ፣ ተራ ሰው በሚያነበው ቋንቋ ለሕዝብ ይናገር።

ይህ ይዘገያል ይሉኛል። ይዘግይ። ከእናት በሚወረስ የሚቶኮንድሪያ በሽታ የሚሠቃዩ ቤተሰቦችን ለመርዳት ብሪታንያ የሄደችበት መንገድ ረጅም ነበር፤ የባለሙያ ግምገማ፣ የሕዝብ ውይይት፣ በፌብሩዋሪ 2015 በእንደራሴዎች ምክር ቤት 382 ለ128 ድምፅ፣ ከዚያም እያንዳንዱን ታካሚ በተናጠል የሚመለከት ፈቃድ። በጁላይ 2025 በዚህ መንገድ 8 ሕፃናት መወለዳቸው ተነገረን። ሂ ጂያንኩይ ሮጦ እስር ቤት ደረሰ፤ እነዚህ አዝግመው ከልደት ደረሱ።

«ይህ ሁሉ ለእኛ ምናችን ነው?» ለሚለኝ አንባቢ መልሴ አጭር ነው። ከ2019 ጀምሮ በአዲስ አበባ ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ከማሕፀን ውጭ የማስፀነስ ሕክምና ይሰጣል፤ ብዙ እናቶች ዕንባቸው ታብሶበታል፤ ደስ ይለናል። ነገር ግን ይህ ሕክምና በሚሰጥበት ቦታ ሁሉ የሚተርፍ ሽል ይኖራል፤ የሚተርፍ ሽል ባለበትም አንድ ቀን አንድ ተመራማሪ በሩን ያንኳኳል። ያን ቀን ጠረጴዛው ዙሪያ እነማን ይቀመጣሉ? እንደ እኔ ያሉ «ዶክተርን እናውቃቸዋለን» ባዮች ብቻ ከሆኑ ወዮልን። ያች ቃለ ጉባኤ ያዥ ልጅ ወንበርም ድምፅም ይኑራት። ድንበሩ የእርሷ ነውና።

ቸር ይግጠመን።